ደወሉ ይጮኻል

የዛሬው ወሬዬ ስለ አንዲት ነርስና ስለ አንድ የበር ደወል ነው።

ቦታው አዲስ አበባ፣ ቦሌ ውስጥ ገርጂ፣ ሰዓቱ ረፋድ አራት ገደማ። ነርሷን ሰፈሩ በሙሉ "ሲስተር" ነው የሚላት፤ እኔም ከዚያ አልፌ ስሟን አልነግራችሁም። ትከሻዋ ላይ መዝገብና ቅጽ ያጨቀ ቦርሳ፣ እግሯ ላይ አቧራ የለበሰ ሸራ ጫማ። ከፊቷ ያለውን በር ግን እንዲሁ በር ብላችሁ እንዳታልፉት። ቁመቱ ሁለት ሰው ያህላል፣ ጥቁር ላሜራ ነው፣ ግንቡ አናት ላይ የተጠማዘዘ የሽቦ እሾህ ተነጥፏል። ደወሉን ተጫነች። ከውስጥ ጮኸ። መጀመሪያ የመለሰላት ውሻ ነው። ደግማ ተጫነች። በመጨረሻ በሩ መሀል ያለችው ትንሽ መስኮት ተከፈተችና የዘበኛው ግማሽ ፊት ብቅ አለ።

"ማንን ፈልገሽ ነው?"

"ከጤና ጣቢያ ነው አባባ፣ የቤት ለቤት ጉብኝት።"

"እትዬ የሉም።"

"ሌላ ሰውስ?"

"ማንም የለም።"

ሲስተር በዘበኛው ጆሮ በኩል አሻግራ ታያለች። ግቢው ውስጥ አንዲት ልጅ አንሶላ እያሰጣች ነው። ሃያ ቢሞላት ነው። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና ወዲያው አንሶላው ኋላ ተሸሸገች። "ማንም" የተባለችው እሷ ነች።

መስኮቷ ተዘጋች። ሲስተር መዝገቧን አውጥታ "ሰው አልተገኘም" ብላ ጻፈችና ወደ ቀጣዩ ላሜራ ሄደች።

እንግዲህ ይቺ ሴት ያንን ደወል ለመጫን እንዴት እንደመጣች ካልነገርኳችሁ ወሬው አይገጥምም። መንገዱ ረጅም ነው፤ እኔ ግን አቋራጭ አውቃለሁ።

በጃንሆይ ዘመን፣ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅ ይከለክል ነበር። እንዲህ ባለው ዘመን ነው እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1966 ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበው የቤተሰብ መምሪያ ማኅበርን ያቋቋሙት። ማስተማር ይቻላል፣ ማስተዋወቅ አይቻልም፤ ልዩነቱ የት ጋ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ወጣ። ያኔ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት በአማካይ 7.7 ልጅ ትወልዳለች ተብሎ ተሰላ፤ መከላከያ የሚጠቀሙት ደግሞ ከመቶ 4 ብቻ ነበሩ። ፖሊሲው እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ ልጁን ወደ 4፣ ተጠቃሚውን ወደ 44 ከመቶ አደርሳለሁ ብሎ ፎከረ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ ሲመጣ 4.6 ልጅና 36 ከመቶ ተገኘ። ሁለቱንም ለጥቂት ሳተ። ግን እስቲ አስቡት፤ ከ4 ተነስቶ 36! በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይህን ያህል የተገለበጠ ነገር ቁጠሩ ብትሉኝ ብዙ አልቆጥርም።

ይህን የገለበጡት ሁለት ነገሮች ናቸው ብል የሚቀየመኝ የለም። አንደኛዋ ገጠር ቀበሌ ውስጥ ያለች፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ አንድ ዓመት የሠለጠነች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ሥራው በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ተጀመረ፤ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች፤ እየዋለ እያደረ ወደ 40 ሺህ ተጠጉ። ነገሩ ፈጠራችን ነው ብለን እንዳንኮፈስ፣ ባንግላዴሽ ውስጥ ማትላብ በሚባል አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ሴት ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ መከላከያውን ከነምክሩ ደጃፍ ድረስ ሲያደርሱ ውጤቱ በዓለም ተወርቶለታል። የኛዎቹ ልዩነታቸው የመንደሩ ልጆች መሆናቸው ነው። ጎጃም ውስጥ፣ ወሎ ውስጥ፣ አጥሩን ዘልቃ "ቤቶች!" ትላለች፤ "ግቢ ልጄ" ትባላለች፤ በርጩማ ይሰጣታል፤ ቅራሪ ይቀዳላታል። እናትየው ልጅቷ ያደገችበትን ቤት ታውቃለች። ስለ መከላከያ መርፌው የሚወራው እዚያች በርጩማ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሬዲዮ ነው። እዚህ ጋ እናቴን ላምጣት።

እናቴ ሰባት ወልዳለች፤ ሰባተኛው እኔ ነኝ። "ልጅ በዕድሉ ያድጋል" ከአፏ አይጠፋም ነበር። ከ1994 ዓ.ም. መገባደጃ እስከ 1997 መጀመሪያ ድረስ ግን የቀን ቅኝት የሚባል ድራማ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተላለፍ፣ እቤታችን ውስጥ በዚያ ሰዓት ሙቀጫ እንኳ አይወቀጥም። 257 ክፍል ነበር። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ቡናው እየቀዘቀዘ ስለ ድራማው ሴት ስለ ፍቅርተ ይጨቃጨቃል፤ ከሬዲዮ ውስጥ ያለች ሳትሆን ከቀበሌው ጀርባ የተከራየች ነው የምትመስለው። አንዲት ጎረቤታችን የድራማውን ክፉ ሰው ስትረግም የሰማ መንገደኛ ባሏን የምትሳደብ መስሎት ቆሞ አደመጠ።

ይህ በድራማ የመምከር ዘዴም ከሩቅ የመጣ ነው። ሚጌል ሳቢዶ የሚባል ሜክሲኳዊ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ቤተሰብ ምጣኔ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሠራ፤ ስልቱ ጥሩ ሰው፣ መጥፎ ሰውና በሁለቱ መሀል እየተንገዳገደ የሚማር ሰው ማቆም ነው። አድማጩ ራሱን የሚያገኘው በተንገዳጋጁ ውስጥ ነው። እዚህ ሲመጣ ሥራውን የመራው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ሲሆን፣ የአገር ቤት ኃላፊው ቀድሞ የብሔራዊ ሥነ ሕዝብ ጽሕፈት ቤትን የመሩት ዶክተር ንጉሤ ተፈራ ነበሩ። ሜክሲኳዊውን ድራማ ተርጉመው ቢያመጡት እናቴ ሬዲዮውን ትዘጋው ነበር፤ ይህን ስላወቁ ዘዴውን ብቻ ወስደው ታሪኩን እዚሁ አጻፉት፤ በኦሮምኛም ሌላ፣ የራሱ ታሪክ ያለው ድራማ አዘጋጁ። እናቴ ስታዳምጥ ከርማ አንድ ቀን ወደ እኔ ዞር አለችና፣ "ያኔ ሬዲዮው እንዲህ ቢናገር ኖሮ አንተ አትኖርም ነበር" አለችኝ። ሳቀች። እኔ እስካሁን ልሳቅ ወይስ ላልቅስ እያልኩ ነው።

እሺ፤ ሁለቱም ገጠር ላይ ሠሩ። ከዚያስ? ከዚያማ እ.ኤ.አ. በ2009 የቤት ለቤቱ ነገር ወደ ከተማ ይግባ ተባለ። ከተሜው ይንቃታል ተብሎ ይሁን ወይ በሽታው ስለሚለይ፣ ለከተማ የተመደቡት ዲፕሎማ ያላቸው ነርሶች ሆኑ። ከእነሱ አንዷ ነች እንግዲህ የኛዋ ሲስተር፤ "ቤቶች!" ብላ መግባት የለመደውን ሥራ ይዛ ላሜራ ፊት የቆመችው።

ቆይ ግን፣ ቦሌ ላይ ምን ልትሠራ መጣች? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አዲስ አበባ ማንም ሳይመክራት ቀድማ ወሊድ ያቆመች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1990 አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በአማካይ 3.1 ልጅ ትወልድ ነበር፤ በ2000 1.9 ሆነ፤ በ2005 ወደ 1.4 ወረደ። አባትና እናትን የሚተካ ቁጥር እንኳ አይደለም። አገሪቱ በአማካይ ከአምስት በላይ በምትወልድበት ዓመት ማለት ነው። ጥናት ያደረጉ ሰዎች ገረማቸው። ምክንያቱ ክኒንና መርፌ ብቻ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም የትዳር መዘግየት እንደሆነ ጻፉ። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ሊያስረዳቸው ይችል ነበር። ቤት የለም፤ ቤት ከሌለ ሠርግ የለም። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበ ወንድ ስንት ዓመት ዕጣ ሲጠብቅ እንደኖረ ታውቃላችሁ፤ "የ97 ተመዝጋቢ" ማለት የዕድሜ መጠሪያ እስከመሆን ደርሷል። ከገጠር አጎቶቹ ለሽምግልና መጥተው "ውለዱ፣ ክበዱ" ብለው መርቀው ይሄዳሉ፤ ሙሽሮቹ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የት እንደሚከብዱ እያሰቡ ይቀራሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሁሉ የበረታው የወሊድ መቆጣጠሪያ የቤት ኪራይ ነው እላለሁ እኔ፤ የጎንዮሽ ጉዳቱንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ሲስተር ደወል የምትጫነው የቤቱን እመቤት ልታስተምር አይደለም። እትዬ የግል ሐኪም አላቸው። ሉፕ ያሻቸዋል፣ ክኒን ያሻቸዋል፣ መርጠው ይወስዳሉ። ሲስተር የምትፈልገው አንሶላ የምታሰጣዋን ነው። ችግሩ ደግሞ እሷ በጥናቱ ውስጥም አንሶላ ኋላ መሆኗ ነው፤ ጋዜጣ ይጠቅሰው፣ ሚኒስትር ይናገረው የነበረው 36 ከመቶ የባለትዳር ሴቶች ቁጥር ነው። ያላገቡት ለብቻቸው በሌላ ሠንጠረዥ ተቆጥረዋል። ሠንጠረዡን ማን ያነባል?

የቦሌ ቁጥር አንድ አይደለም፣ ቦሌም አንድ አይደለችም። ይህን ያየሁት ሲስተር ከቀበሌ ቀበሌ ስትቀያየር ነው። እስቲ ወደ ምሥራቅ ልውሰዳችሁ።

ከጎሮ አለፍ ብሎ ቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረ፣ የልብስ ስፌት ሼዶች የተደረደሩበት። በ2013 ዓ.ም. ያ አካባቢ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ ሆኗል። ጠዋት ሰርቪስ አውቶቡሶች ሲደርሱ ብታዩ ሴት ብቻ ነው የሚወርደው፤ አብዛኞቹ ሃያ ያልሞሉ ወይ ሃያን ገና ያለፉ፤ ከጎጃም፣ ከወላይታ፣ ከአርሲ፣ ከሸዋ። አንድ ክፍል ቤት አራት ሆነው ይከራያሉ፤ አንዷ የቀን ስትገባ ሌላዋ የማታ ስትመለስ ፍራሹ አይቀዘቅዝም።

ከእነሱ አንዷን እንይ። ከአባይ ማዶ የመጣች ናት። ስትመጣ ክንዷ ውስጥ የተቀበረ መከላከያ ይዛ ነው የመጣችው። ከመውጣቷ በፊት እናትየው ራሳቸው ወደ ጤና ኬላ ወስደዋት፣ "ከተማ ነው የምትሄጂው" ብቻ አሏት፤ ሌላ ነገር አላብራሩም፣ እሷም አልጠየቀች። ኤክስቴንሽኗ የግራ ክንዷን ከውስጥ በኩል አደነዘዘች፣ በመርፌው ገፋች፣ በፋሻ ጠቀለለች፤ ቡና እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም። "ሦስት ዓመት ነው" ተባለች።

ይህ የክንድ ነገር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ነው በገጠር እንዲህ የተስፋፋው፤ ኤክስቴንሽኖቹ እንዲያስገቡ ሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም ዋጋውም በግማሽ ገደማ ወርዶ ወደ 8 ዶላር ተኩል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከባለትዳሮቹ 3 ከመቶ ብቻ ይጠቀሙት የነበረው በ2016 8 ከመቶ ደረሰ። እንዲያ ነው የሠራ ነገር ሲባል! አንድ ነገር ግን ወደ ኋላ ቀረ። መጀመሪያ ላይ ኤክስቴንሽኗ ማስገባት እንጂ ማውጣት አልተማረችም። ለማውጣት ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልግ ነበር። ሴትየዋ እዚያው መንደሯ ትኖራለች ተብሎ ነው የታሰበው። ሴትየዋ ግን አውቶቡስ ተሳፈረች።

ሦስት ዓመቱ ሞላ። ልጅቷ ቀኑን ታውቀዋለች፤ ከፋሲካ ሳምንት በኋላ ነው። ጤና ጣቢያ የሚከፈተው እሷ ማሽኑ ላይ በምትቀመጥበት ሰዓት ነው። አንድ ቀን ከቀረች የወሩ የመገኘት አበል ይቀራል። አንዴ ፈቃድ ለምና ሄደች፤ ወረፋው ረዘመባትና ሰዓቷ ደርሶ ተመለሰች። ሁለተኛ ሄደች፤ የሚያወጣው ባለሙያ ሥልጠና ላይ ነው ተባለች። አብረዋት የሚኖሩት ደግሞ ያስፈራሯታል፦ ጊዜው ካለፈ ይሟሟል፣ ወደ ልብ ይሄዳል፣ ከባድ ዕቃ ካነሳሽ ይሰበራል። ማታ ማታ ጨርቅ እንደሚለካ ሰው ክንዷን በጣቷ ስትዳስስ ታመሻለች። አለ። አልሄደም።

ሲስተር ያገኘቻት በሰፈሯ ስታልፍ፣ እንጀራ በምትገዛበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። "ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?" ብላ ወደ ጎን ሳበቻት። በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኗ ቀጥራ ሲስተር ራሷ ይዛት ሄደች። እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ሲስተር እንደነገረችኝ ነው። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ማደንዘዣው ሲገባ "እፍ" አለች፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አልተሰማትም። ባለሙያዋ ቆዳውን ትንሽ ሰነጠቀች፣ ከላይ በኩል በጣቷ ገፋ አደረገች፣ ጫፉ ብቅ ሲል በመቆንጠጫ ያዘችው። ወጣ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ የክብሪት እንጨት የሚያህል። ባለሙያዋ ጨርቅ ላይ አድርጋ አሳየቻት።

"ይቺ ናት እንዴ?" አለች ልጅቷ። ከዚያ ሳቅ ጀመራት፤ አላቆመም፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሲዞር ሲስተር ናት ያየችው።

ሌላ ይግባልሽ ወይ ስትባል፣ "እስቲ ላስብበት" አለች። ሲስተር አልተጫነቻትም። እኔ ብሆን እጫናት ነበር፤ ለዚህ ነው እኔ ወሬ የማወራው፣ እሷ ነርስ የሆነችው። ባለሙያዎቹ የሚሉት ነገር አለ፦ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት ነች ቶሎ የምትተወው። መርፌ የወሰደች ሴት የወር አበባዋ ሲቀር፣ "ደሜ የት ሄደ? ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ" ብላ ትጨነቃለች። ሊቀር እንደሚችል፣ ቢቀርም የትም እንዳልተጠራቀመ በመጀመሪያው ቀን ቢነገራት ኖሮ ትስቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት ከተጀመረው መከላከያ ከመቶ 35ቱ ዓመት ሳይሞላው ተቋርጧል። ከዚህ ውስጥ ልጅ ፈልጋ ያቋረጠችም አለች፤ ግን ስንቶቹ በዚያች አንድ ያልተነገረች ዓረፍተ ነገር የተቋረጡ ይሆኑ እያልኩ አስባለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ እንመለስ፤ ቦሌ ሚካኤል። ሶማሊኛ እንደ አማርኛው የሚሰማበት ሰፈር ነው፤ ሻሂው በወተትና በቅመም፣ ሩዙ በፍየል ሥጋ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት ባለትዳሮች ከመቶ ሁለት አይሞሉም ነበር፤ አንዲት ሴት በአማካይ 7.2 ልጅ ትወልድ ነበር። ቦሌ ሚካኤል ክልሉ አይደለም፤ ግን ዘመድ ከጅጅጋ ይመጣል፣ ወሬ ከጅጅጋ ይመጣል። ሲስተር መጀመሪያ ቀን አንድ ቤት ተቀምጣ ከፖስተሩ ላይ ያለውን "ልጆችን መመጠን" ስትል አንዲት እናት ፊታቸው ተዘጋ። ከገርጂው ላሜራ ይህኛው ሳይብስ አይቀርም። ቆየት ብለው ግን ሻሂ ጨመሩላትና፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ "ስንት ልጅ ይበቃል አትበይኝ። እሱ የአላህ ነው። ስንት ዓመት ላርፍ ብለሽ ጠይቂኝ" አሏት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሲስተር እዚያ ሰፈር "መመጠን" ብላ አታውቅም። "ማራራቅ" ነው። ሁለት ዓመት ጡት ማጥባት በቁርኣን የተነገረ ነገር ነው፤ እናትየው ሁለት ዓመት ማጥባት ከፈለጉ በመሀል እንዳያረግዙ ምን ይደረግ ከተባለ ወሬው ራሱ መንገዱን ያገኛል። ያው ክኒን ነው፣ ያው መርፌ ነው። የተቀየረው ግሱ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ታላላቆቹም ያውቁታል። ከኅዳር 3 እስከ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የቤተሰብ ምጣኔ ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ተካሂዷል፤ ከሦስት ሺህ በላይ ሰው በቦሌ ገብቶ በቦሌ ወጣ። መሪ ቃሉ ሙሉ አቅርቦትና ሙሉ ምርጫ የሚል ነበር። ኢትዮጵያ ተመሰገነች፤ የሚገባትም ነበር። እንግዶቹ ቦርሳቸውን እየጎተቱ በመንገዱ ሲያልፉ ላሜራዎቹን ያዩ እንደሆነ ግን እንጃ።

ከሲስተር የሰማሁትን አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁና ወደ ገርጂ እንመለስ። በዚያው በቦሌ በኩል ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆች አሉ። አንዷ ከመብረሯ ሳምንት በፊት ጤና ጣቢያ መጥታ የሦስት ወር መርፌ ጠየቀች። ሲስተር እንደ ደንቡ፣ "ትዳር ይዘሻል? ጓደኛ አለሽ?" አለቻት። "የለኝም።" "ታዲያ ለምን?" ልጅቷ ወለሉን አየች። ሲስተር ሌላ አልጠየቀችም። መርፌውን ሰጠቻት፤ ካርዱ ላይ ከሦስት ወር በኋላ ያለውን የቀጠሮ ቀን ስትጽፍ ልጅቷ በዚያ ቀን የት እንደምትሆን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ገርጂ። ደወሉ።

ሲስተር በዚያ መንደር ስንት ጊዜ "ሰው አልተገኘም" ብላ እንደጻፈች መዝገቧ ያውቀዋል። ከሁለት ወር በኋላ መዝገቡን አገላብጣ ስታይ ራሷን ታዘበች። ሰው ነበረ። በር ነው ያልነበረ። እነዚህ ልጆች መቼ ነው ከላሜራው የሚወጡት ብላ ማሰብ ጀመረች። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፤ ግን እዚያ ወሬው ለዚህ አይመችም። ወፍጮ ቤት፤ ግን ባለቤቱ ወንድ ነው። ከዚያ አንድ ማታ ከሥራ ስትመለስ በአንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ አለፈች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ቀን የተማሩት ሕፃናት ወጥተዋል፤ አሁን የሚገቡት ደብተራቸውን በነጠላ የሸፈኑ፣ እጃቸው ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል ትልልቅ ልጆች ናቸው። የማታ ትምህርት። አንሶላ አስጪዋ ከመሀላቸው ነበረች።

ርእሰ መምህሩን አነጋገረች። ሰውዬው አመነቱ፤ ወላጅ ቢሰማ፣ አሠሪ ቢሰማ አሉ። ሲስተር፣ "የነሱ ወላጅ እኮ ጎንደር ነው ያለው" አለቻቸው። በመጨረሻ ከደወሉ በፊት ሃያ ደቂቃ ፈቀዱላት፤ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ፣ የተሰበሩ ዴስኮች መሀል።

መጀመሪያ ማታ የመጣ አንድም ሰው የለም። ሁለተኛ ማታ ሦስት መጡ፤ ተያይዘው፣ እየተሳሳቁ፣ አንዷ ሌላዋን እየገፋች። ስለ ራስ ምታት ጠየቁ። ስለ ማድያት ጠየቁ። አንዷ ስለ "ጓደኛዬ" ጠየቀች፤ ሲስተርም ስለ ጓደኛዋ መለሰችላት። ፖስት ፒል በየሳምንቱ ቢወሰድ ምን አለበት አለች፤ ሲስተርም እሱ ለድንገተኛ ነው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ለዘወትሩ ሌላ ይሻላል ብላ አንድ በአንድ ዘረዘረችላት። ጤና ጣቢያ ሁሉም በነፃ እንደሆነ ሲሰሙ ሦስቱም ተያዩ። ፋርማሲ ስንት ሲከፍሉ እንደኖሩ አልተናገሩም፤ ዓይናቸው ግን ተናገረ።

የገርጂዋ ልጅ የመጣችው በአራተኛው ማታ፣ ብቻዋን ነው። በሩ ላይ ቆመች።

"ያን ቀን አይቼሽ ነበር" አለች። "በራችን ላይ።"

"እኔም አይቼሻለሁ" አለቻት ሲስተር። "አንሶላው ነጭ ነበር።"

ልጅቷ ገባች። ሲስተር ያሏትን ሁሉ አወጣችና የተሰበረው ዴስክ ላይ ደረደረቻቸው፤ ክኒኑን፣ የመርፌውን ብልቃጥ፣ ሉፑን፣ ለማሳያ የተያዘችውን የክንድ እንጨት፣ ኮንዶሙን። ልጅቷ እያንዳንዱን እያነሳች ጠየቀች። ሉፑን ወደ ብርሃን አድርጋ አየችና ቶሎ መለሰችው። የክንዱን ረዥም ጊዜ ይዛ ቆየች፤ "እትዬ ክንዴን ቢያዩትስ?" አለች። አይታይም፣ በእጅ ሲዳሰስ ነው የሚታወቅ ተባለች። "እትዬ አይዳስሱኝም" አለች። ቀጥላ ያልተናገረችውን ሲስተር አልጠየቀቻትም።

"መርፌውን" አለች በመጨረሻ። "ምልክት የለውም።"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለገበያ ስትላክ ጤና ጣቢያ ጎራ እንድትል ተስማሙ። ሲስተር የቀጠሮ ካርድ ልትጽፍላት ስትል ልጅቷ እጇን ያዘቻት። ካርድ አይሆንም፤ ክፍሏን የሚጠርጉት አሉ፣ ፍራሿን የሚያገላብጡ አሉ። ደብተሯን ከፈተች። የሒሳብ ነበር፤ ክፍልፋይ። ጠርዙ ላይ በእርሳስ ቀኑን ብቻ ጻፈች፣ ከበበችው፣ ከጎኑም የመደመር ምልክት አደረገችበት፤ ማንም ቢያየው የቤት ሥራ ይመስላል።

ውጭ ደወሉ ተደወለ። ልጅቷ ደብተሯን አቅፋ ሮጠች፤ ክፍል የምትገባው እሷ ናት።